ርችት የሚታይበት ጠረጴዛ

ባለፈው ነሐሴ ቤተሰቡ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ለመውረድ ሲነሣ ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ «ርችቱ በደንብ የሚታይበት ምግብ ቤት ፈልግ።» ትእዛዙ የእህቴ ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር። ሶፍትዌር ስለምሠራ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሰንጠረዥ ነው። የምግብ ቤቱ ስም፣ ዋጋ፣ ርቀት፣ ከዚያ «ርችት ይታያል?» የሚል ዓምድ። መልሱ አዎ ወይም አይ።

ሰንጠረዡን ሞልቼ ስጨርስ ግን የመጨረሻው ዓምድ ምንም እንደማይነግረኝ ገባኝ። አምስቱም ላይ «አዎ» ይላል፤ አምስቱ የሚያሳዩት ግን አምስት የተለያየ ነገር ነው። ርችት የሚታይባቸውን ምግብ ቤቶች ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ፦ ትርኢቱ አንድ እንደሆነ፣ ወንበሩ ብቻ እንደሚለያይ አድርገው ያወራሉ። እስቲ መጀመሪያ ስለ ትርኢቱ እናውራ።

የማጂክ ኪንግደም የማታ ትርኢት «ሃፒሊ ኤቨር አፍተር» ይባላል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ተጀመረ፣ በ2021 በሌላ ተተካ፣ በ2023 ተመልሶ መጣ። 18 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በልማድ «ርችቱ» እንለዋለን እንጂ ርችቱ ከተዋንያኑ አንዱ ነው። ዋናው ተዋናይ የሲንደሬላ ግንብ ነው። የዲዝኒ ፊልሞች ምስሎች በፕሮጀክተር ግንቡ ፊት ላይ ይወርዳሉ፤ ግንቡ በየደቂቃው ልብሱን ይቀይራል። ከ2023 ወዲህ ምስሉ ሜይን ስትሪት በሚባለው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ሕንጻዎች ላይም ይዘረጋል። በመሀል ቲንከር ቤል ከግንቡ ጫፍ በገመድ ተንሸራታ በሕዝቡ አናት ላይ ታልፋለች። ሙዚቃው፣ ምስሉና ከግንቡ ጀርባ የሚወጣው ርችት የሚገጣጠሙት ለአንድ ቦታ ተብለው ነው፦ ከግንቡ ፊት ለፊት፣ መሬት ላይ ለቆመ ሰው።

ግንቡ ራሱ የተሠራው ለዚያ ሰው ነው። ቁመቱ 57 ሜትር ያህል ነው፤ ከሥር ሲያዩት ግን ከዚያ በላይ ይመስላል። ምክንያቱም ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መስኮቱም፣ ማማውም፣ ጌጡም በትንሽ መጠን ነው የተሠራው። ዓይን «ትንሽ ስለሆነ ሩቅ ነው» ብሎ ይታለላል። ደስ የሚል ማታለል ነው፤ የሚሠራው ግን አንገታችሁን ቀና ካደረጋችሁ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛዎቹ። በጣም ዝነኛው ካሊፎርኒያ ግሪል ነው፤ ኮንቴምፖራሪ በሚባለው ሆቴል 15ኛ ፎቅ ላይ፣ ከ1995 ጀምሮ። ከግንቡ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ በአየር መስመር ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ መብራቱ ይደበዝዛል፣ የትርኢቱ ሙዚቃ በስፒከር ይለቀቃል፣ ሰው ሹካውን አስቀምጦ ወደ ሰገነቱ ይወጣል። ቀደም ብሎ የበላም ደረሰኙን ይዞ ለርችቱ መመለስ ይችላል። እንግዲህ ከዚህ ምን ይታያል? ርችቱ ሙሉ በሙሉ። ግንቡ ግን በጎን ነው፤ ፊቱ ላይ የሚወርደው ምስል ቁርጥራጭ ቀለም ሆኖ ይደርሳችኋል። ግንቡን የምታዩት ወደ ላይ ሳይሆን ትይዩ ስለሆነ ያ የቁመት ማታለል ይፈርሳል፤ አሻንጉሊት ያህላል። እንደ ቲያትር ከለካነው ካሊፎርኒያ ግሪል መጋረጃው ጎን ካለው ወንበር መቀመጥ ማለት ነው።

ከሐይቁ ማዶ፣ በፖሊኔዥያን ሆቴል ያለው ኦሃና ግንቡን ከፊት ያያል። ግን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይርቃል፤ ያውም መስኮት አጠገብ ከተቀመጣችሁ ነው። ግራንድ ፍሎሪዲያን ዳርቻ ላይ ያለው ናርኩሲስም ውሃ ፊት ያለ ቆንጆ ቤት ነው፤ እዚያም የመስኮት ወንበር የዕድል ጉዳይ ነው። በፓርኩ ውስጥ ቱሞሮውላንድ ቴራስ ላይ ለርችት ሰዓት ተብሎ የሚሸጥ የጣፋጭ ግብዣ አለ፤ ግንቡ ቅርብ ነው፣ ርችቱ ግን ከግንቡ ኋላ ሳይሆን ከጎኑ የሚፈነዳ ይመስላል። ከሁሉም የሚያስቀኝ የሲንደሬላ ሮያል ቴብል ነው። ያለው እዛው ግንቡ ሆድ ውስጥ ነው። ከዚያ የቀረበ ወንበር የለም፤ ግን ግንቡ ላይ የሚወርደውን ምስል ለማየት ከግንቡ መውጣት አለባችሁ።

ኤፕኮት ሲኬድ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ትርኢቱ («ሉሚነስ»፣ ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ) የሚካሄደው ሐይቅ መሀል ነው፤ ሐይቁን ለመዞር ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ትራመዳላችሁ። ሥራው ፊትና ጀርባ የለውም። የእንግሊዙ ሮዝ ኤንድ ክራውን ውጪው በረንዳ ላይ ብትቀመጡ፣ የሜክሲኮው ላ ሃሲየንዳ መስኮት ጋ ብትሆኑ፣ የምታዩት መሀሉን ነው። ደመራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እሳቱ መሀል ነው፣ ሰው ዙሪያውን ነው። ስለዚህ «ከምግብ ቤት ርችት ማየት» የሚባለው ነገር በሐቀኝነት የሚሠራው ኤፕኮት ነው እላለሁ። የማጂክ ኪንግደም ትርኢት አንድ ፊት ስላለው ጠረጴዛው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን መሬት ላይ በነጻ ከቆመው ሰው ያነሰ ነው የሚያየው።

ሰንጠረዡ ቢሆን እዚህ ላይ አልቆ ነበር፦ ኤፕኮት ሂዱ፣ ካልሆነም ሜይን ስትሪት ላይ ቁሙ። እኔ ግን ካሊፎርኒያ ግሪልን ያዝኩ፤ ሪዘርቬሽን ከ60 ቀን በፊት ስለሚከፈት በዚያው ቀን ጠዋት ስልኬ ላይ ተጥጄ። ምክንያቴ እማዬ ናት።

እማዬ ርችት አትወድም። ቨርጂኒያ በምንኖርበት ሰፈር በየዓመቱ ሐምሌ 4 (በፈረንጆቹ) ሲመሽ ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርጋ ትከፍትና መስኮት የሌለው ክፍል ትገባለች። ለረጅም ጊዜ ጫጫታ ስለማትወድ ነው ብዬ አስብ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፣ መንግሥት ከተቀየረ ሳምንት ሲሆነው፣ ንፋስ ስልክ የነበረ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ብዙ ሰው አልቋል። የእናቴ ቤት ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ስለዚያ ቀን ብዙ አታወራም። አንዴ ብቻ «ድምፁ አላለቀም፤ አለቀ ስትል ደግሞ ይጀምራል» ብላኛለች። እኔ ስሰማው ያሰብኩት ስለ ርችት ማሳረጊያ ነው። ልክ እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ሆቴል ትቆይ ብለን ነበር። እሷ ግን ለልጅቷ፣ ለእህቴ ልጅ፣ «አብሬሽ አያለሁ» ብላ ቃል ገብታለች። ስለዚህ ጥያቄዬ ተቀየረ። የምፈልገው ድምፁ ከየት በኩል፣ በስንት ሰከንድ ዘግይቶ እንደሚመጣ የማውቅበት፣ ካስፈለገም መስታወት ኋላ የሚቆምበት ቦታ ሆነ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ርችቱ የሚተኮሰው ከግንቡ ኋላ ስለሆነ ካሊፎርኒያ ግሪል ለመድረስ ወደ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል። ማንም ደረጃ አውጪ ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ ሙዚቃው በስፒከር በሰዓቱ ይመጣል፣ ፍንዳታው ይዘገያል፣ ምቱ ይፋለሳል። ለእኛ ግን ቦታውን የመረጥንለት ዋና ነገር እሱ ነበር።

እህቴና ልጅቷ ታች ሜይን ስትሪት ቀሩ። እኔና እማዬ ላይ ወጣን። የፍልሰታ ጾም ስለነበር አስቀድመን ተናግረን ነበር፤ አትክልት በአትክልት የሆነ ሦስት ዙር ምግብ መጣላት። ዋጋው ቁርጥ ነው፣ የጾመም ያልጾመም ያው ነው የሚከፍለው፤ የምንከፍለው ለመስኮቱ ጭምር መሆኑ አይጠፋም። እማዬ ዋጋውን እንዳታይ ሜኑውን ገልብጬ ያዝኩት። «ምን ትደብቃለህ አንተ?» አለች። «ምንም» አልኩ። አላመነችም።

መብራቱ ሲደበዝዝ ሁሉም ወደ ሰገነቱ ወጣ፤ እኛ መስታወቱ ጋ ቆምን። የመጀመሪያው ርችት ሲበራ እንደ መብረቅ አስቆጠርኳት፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዱም። ክንዴን ጨብጣ ነበር። ሁለተኛው ሲበራ ራሷ ቆጠረች። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ ድምፁ ሲደርስ መስታወቱ ንዝር ሲል ለመስማት ይመስለኛል። ከዚያ «እንውጣ» አለች።

ውጪ አጠገባችን የቆመ አንድ ትንሽ ልጅ ጆሮውን ይዞ ነበር። ቋንቋ አይገናኙም። እማዬ ብርሃን ባየች ቁጥር ጣቶቿን አንድ በአንድ ታነሣለታለች፣ ሦስት ላይ ድምፁ ይመጣል፣ ልጁ ይስቃል። ማሳረጊያው ላይ መቁጠር አይቻልም፤ ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሚፈነዳው። እዚያ ጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ጨርሳ ድናለች፣ ርችት ወዳለች ብዬ አልዋሻችሁም። ከ18 ደቂቃው ግን አብዛኛውን አይታለች።

ስንገናኝ ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት ታወራለች። ቲንከር ቤል በላያቸው አልፋለች፣ ግንቡ ተቀያይሯል፣ ቤቶቹ ሁሉ ተቀይረዋል። እማዬ ከዚህ ምንም አላየችም። ልጅቷ ቪዲዮ አውጥታ ስታሳያት «ይሄ እዚያው ነበር?» አለች፤ በእውነት ሌላ ትርኢት ነበር የሚመስለው። በተራዋ ደግሞ ጭሱ ከላይ ሲታይ እንዴት ቀስ ብሎ ወደ ሐይቁ እንደሚሄድ ነገረቻት። ልጅቷ ጭስ አላየችም።

አሁንም ፍርዴ ያው ነው። የማጂክ ኪንግደምን ትርኢት እንደ ሥራ ማየት የሚፈልግ መሬት ላይ ይቁም፤ እየበላ ማየት የሚፈልግ ኤፕኮት ይሂድ። ካሊፎርኒያ ግሪል የትርኢቱን ግማሽ ይቀንሳል፣ ድምፁን ያዘገያል፣ ግንቡን ያሳንሳል። ሰንጠረዤ ላይ ግን «ርችት ይታያል?» የሚለውን ዓምድ አጥፍቼ በምትኩ «ከማን ጋር?» የሚል ጨመርኩ። ለቀጣዩ ዓመት እማዬ ኤፕኮትን ጠይቃኛለች። ሐይቁ መሀል የሚተኮሰው ሮዝ ኤንድ ክራውን ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይዘገይም። ነግሬያታለሁ። «እናየዋለን» አለች።