ከ«ሳይድ» ፊት የቆመው

ሱይሳይድ፣ ፔስቲሳይድ፣ ጄኖሳይድ። የመጀመሪያውን ከሐኪም እንሰማዋለን፤ ሁለተኛውን ከግብርና ባለሙያ። ሦስተኛው ግን ዛሬ ዛሬ ባለቤት የለውም፤ ከቴሌቪዥን ይወጣል፣ ታክሲ ውስጥ ይሰማል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ሦስቱም ቃላት ጅራታቸው አንድ ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን «የፈረንጅ ቃል ሲያስቸግራችሁ ጅራቱን ያዙት» እል ነበር። ምክሩ ዛሬም ይሠራል። ነገር ግን ጅራቱን ይዞ መቅረት አይበቃም፤ ከጅራቱ ፊት ማን እንደ ቆመ ማየትም ያስፈልጋል። የዛሬው ጨዋታዬ በዚሁ ላይ ነው።

«ሳይድ» አገሩ ላቲን ነው። አባቱ «ካይዴሬ» የሚባል ግሥ ሲሆን መቁረጥ፣ መምታት፣ መጣል፣ መግደል ማለት ነው። ሮማዊው ዛፍ ሲቆርጥም፣ ለመሥዋዕት ከብት ሲያርድም፣ ጠላቱን ሲገድልም ይህንኑ ግሥ ይጠራ ነበር። ከፊቱ «ሆሞ» (ሰው) ሲቆም ሆሚሳይድ ይሆናል፤ «ፍራተር» (ወንድም) ሲቆም ፍራትሪሳይድ፤ «ሬክስ» (ንጉሥ) ሲቆም ሬጂሳይድ። «ኢንፋንስ» ሕፃን ነው፤ ቃል በቃል «የማይናገር» ማለት ነው። ስለዚህ ኢንፋንቲሳይድ አፍ ያልፈታውን መግደል ነው። «ፔስቲስ» ደግሞ ቸነፈር ነበር፤ ኋላ ተባዩም አረሙም በዚሁ ስም ተጠቃለለ። ሱይሳይድ («ሱይ» ማለት የራስ ማለት ነው) የሮማውያን ይመስላል እንጂ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን በላቲን ልክ የተሰፋ ቃል ነው።

በዚህ በኩል የእኛ ቋንቋ ከላቲን ይልቅ ጠንቃቃ ነው። እኔ በምኖርበት በሸጎሌ የቁም ከብት ገበያ አለ። የበዓል ዋዜማ ወጥታችሁ ጠይቁ፤ «ይህን በሬ የገዛሁት ልገድለው ነው» የሚል ሰው አታገኙም። በሬ ይታረዳል፤ ዛፍ ይቆረጣል፤ እባብ ይገደላል። ሰው «ታረደ» ሲባል የሚሰቀጥጠን ስለ ሞተ ብቻ አይደለም፤ የከብት ግሥ ስለ ተሰጠውም ነው። ራሱን የገደለም ቢሆን እንደ ተናጋሪው ግሡ ይለያያል። የፖሊስ ዘጋቢ «ራሱን ገደለ» ይላል፤ ሐኪሙ «ራሱን አጠፋ» ይላል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ስለ ሆነው የሚተርክ ሰው ግን ዐፄ ቴዎድሮስ «ራሳቸውን ሰዉ» ይላል። አሟሟቱ አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ከግሡ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ላቲንና አማርኛ ሳይመካከሩ የተገናኙበት ቦታ ግን አለ፤ «መጨፍጨፍ» ላይ። ደኑ ተጨፈጨፈ እንላለን፤ ሕዝቡ ተጨፈጨፈም እንላለን። ሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ነገር አይተዋል። ብዙ ሰው ለመግደል የተነሣ ሰው ነፍስ በነፍስ መቁጠር ያቆማል፤ የሚያየው ደን ነው። «መቁረጥ» ላይም እንዲሁ ተገናኝተዋል። የእንግሊዝኛው «ዲሳይድ» የካይዴሬ የልጅ ልጅ ነው፤ መወሰን ማለት ሌላውን መንገድ ሁሉ ቆርጦ መጣል ነው። እኛም «ቆርጬ ተነሣሁ»፣ «ቁርጡን ንገረኝ» እንላለን። ስንኝ መሐል ላይ ትንፋሽ የምንወስድበት «ሲዙራ» እንኳ ከዚሁ ግሥ የተወለደ ነው። ስለዚህ ቢላው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጥያቄው ምን ላይ አረፈ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ቃል ልምጣ። ጄኖሳይድ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ሠሪውም ይታወቃል። ራፋኤል ለምኪን የተባለ ፖላንዳዊ አይሁዳዊ የሕግ ባለሙያ በ1944 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የግሪኩን «ጌኖስ» ከላቲኑ «ሳይድ» ጋር ሰፋው። ሰውን መግደል ስም ነበረው፤ አንድን ወገን ወገን በመሆኑ ብቻ ከምድር መፋቅ ግን ለብቻው የሚጠራበት ስም አልነበረውም። ለምኪን የራሱን ቤተሰብ አብዛኛውን ክፍል ያጣው በዚሁ ስም በሌለው ነገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ1948 እ.ኤ.አ. ስምምነቱን አወጣ። ቀድማ ያጸደቀችው አገር ማን መሰለቻችሁ? ኢትዮጵያ ናት፤ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.። የየካቲት 12ቱ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ ያኔ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ኢትዮጵያ በዚህ አላበቃችም። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ281ኛው አንቀጹ ዓለም አቀፉ ስምምነት የተወውን አንድ ወገን ጨመረ፤ የፖለቲካ ቡድንን። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 269 ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። ስለዚህ በእኛ ሕግ የሚጠበቀው ወገን ከዘር ይሰፋል፤ ሃይማኖትም ፖለቲካም አለበት።

ታዲያ ይህን ሰፊ ገላ ያለበስነው ልብስ «ዘር ማጥፋት» ነው። ትችቴ እዚህ ላይ ነው፤ ልብሱ ይጠብባል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለማርያምን፣ በሌሉበት፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚህ ወንጀል ጥፋተኛ ሲል «እንዴ! የትኛውን ዘር?» ያለ ሰው ጥቂት አልነበረም። ጥያቄው የዋህ ነው፤ ግን ትክክል ነው። በቀይ ሽብር ያለቀው ወጣት ከአንድ ዘር አልነበረም፤ ከየቋንቋው የመጣ ነበር፤ የተገደለው በፖለቲካ ወገኑ ነው። ከዳኞቹ አንዱ እንኳ የተለዩት በዚሁ በፖለቲካ ቡድን ጉዳይ ነበር፤ ደርግ በኋላ ባወጣቸው ሕጎች ጥበቃው ቀርቷል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 28 «የሰው ዘር» ማጥፋት ይለዋል። አንዱ ልብስ ጠበበ፣ ሌላው ዓለምን ሁሉ አለበሰ።

«ታዲያ የቃል ነገር ምን ያጣላናል?» የሚለኝ አይጠፋም። ያጣላናል። «ዘር» የሚለው ቃል ሥራውን ስለ ሠራ ዛሬ ሟች ለመቆጠር መጀመሪያ ዘር ሊኖረው ግድ ሆኗል። በእምነቱ ወይም በፖለቲካው የተገደለ ሰው፣ ዘሩ ካልተገኘለት፣ «ግጭት» በሚባል ሰፊ መቃብር ይገባል። ከዚህም የባሰ አለ። ቃሉ ሜዳልያ ሆኗል። የእኛ ሲሞት ጄኖሳይድ፣ የእናንተ ሲሞት ግጭት፤ የእኛ ሲገድል ደግሞ ሕግ ማስከበር። በዚህ ዓይነት ሒሳብ «ጄኖሳይድ አይደለም» መባል «ምንም አይደለም» እንደ መባል ይሰማል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ጄኖሳይድን ከሌላው ግድያ የሚለየው የሬሳው ብዛት አይደለም፤ አንድን ወገን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት ማሰብ ነው። ይህ ሐሳብ ያልተረጋገጠበት ገዳይም ከባድ የሰው ግድያ ፈጽሞ ሊገኝ ይችላል፤ በሕጋችን ይህም እስከ ሞት የሚያስቀጣ ነው።

አሁን ወደ ፔስቲሳይድ ልመለስ። ላቲን ሁለት ጅራት ነበረው፤ አንዱ ለድርጊቱ፣ አንዱ ለአድራጊው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በ«ሳይድ» ጠቀለላቸው፤ ስለዚህ ፔስቲሳይድ የሚገድለው ዕቃ ሲሆን ጄኖሳይድ የመግደሉ ሥራ ነው። አማርኛ «ማጥፊያ» እና «ማጥፋት» ብሎ ይለያቸዋል። በዚህም አላበቃ፤ ከግዕዝ ሌላ ቃል አመጣ፤ «ፀር»፣ ጠላት። ፀረ ተባይ፣ ፀረ አረም እንላለን። ጥሩ ቃል ነው፤ መርዙ የተባዩ ጠላት ነው።

ይኸው «ፀረ» በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ምን ሲሠራ እንደ ነበር የእኔ ትውልድ ያውቃል። «ፀረ ሕዝብ»፣ «ፀረ አብዮት»። እስቲ አፈታቱን ልብ በሉ። በ«ፀረ ተባይ» ጠላቱ መርዙ ነው። በ«ፀረ ሕዝብ»ስ? ጠላቱ ልጁ ነው። መርዙ እሱ ሆነ፣ ተጎጂው ሕዝብ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ልጁን መግደል መርዝ እንደ መድፋት ተቆጠረ። ሲገደልም «ተገደለ» አልተባለም፤ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ነው የተባለው። ቢላ የለበትም፤ ገዳይ የለበትም፤ «እርምጃ» ብቻ፣ ሰው መንገድ የሄደ ይመስል። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሲሞቱም ሬጂሳይድ ያለ አልነበረም፤ የተነገረው በሕመም ሞቱ ተብሎ ነው። ግድያ ተብሎ ክስ የሆነው ዓመታት ቆይቶ ነው።

ሩዋንዳ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. ቱትሲዎች «ኢንየንዚ»፣ በረሮ፣ ይባሉ ነበር። እንግዲህ ፔስቲሳይድና ጄኖሳይድ ቤት የሚመቱት በአጋጣሚ አይደለም። ሰው በሰው ስም ቆሞ ሳለ ቢላው ያመነታል፤ ስሙ ሲቀየር እጅ ይቀላል። እኛስ? ባለፉት ዓመታት በየወገኑ «የቀን ጅብ» ብለናል፣ «አረም» ብለናል፣ «ነቀርሳ» ብለናል። አንዳንዱ ከመድረክ ተብሏል፤ አንዳንዱ እንደ ቀልድ በየቡና ቤቱ። የአማርኛ ስም ግን ብቻውን አይመጣም፤ ግሡን ይዞ ይመጣል። አረም ይነቀላል። ነቀርሳ ተቆርጦ ይወጣል። በረሮ ይረጭበታል። ስሙን ያወጣው ሰው «እኔ ግደሉ አላልኩም» ሊል ይችላል፤ እውነቱን ነው፣ አላለም። ግሡን ለሰሚው ትቶለታል።

እንግዲህ ጋዜጠኛ ወዳጆቼን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ጄኖሳይድ ተፈጸመ» ከማለታችሁ በፊት ዐረፍተ ነገሩን ሙሉ አድርጉልን፤ ማን፣ ማንን፣ የት፣ መቼ ገደለ? «ገደለ» ባለቤት የሚጠይቅ ሐቀኛ ግሥ ነው፤ «ማጥፋት» ግን መብራትም ይጠፋበታል። ዐረፍተ ነገሩ ሲሞላ የወንጀሉን ስም ዳኛ ይፈልግለት፤ ሟቾቹ ግን ስም እስኪወጣ ድረስ ሳይቆጠሩ አይቆዩም። ሁለተኛ፣ ተናጋሪ ሰውን በአረምና በነፍሳት ስም ሲጠራ ቃሉን እንደ ወረደ አትንዙልን። የተጠራው ሰው ማን እንደሆነ ጻፉ፤ ገበሬ ነው፣ ተማሪ ነው፣ የሦስት ልጆች እናት ናት።

«ሳይድ» የሚለው ቃል መዝገብ ቤት የሚገባው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከፊቱ የሚቆመውን ስም የምናወጣው ግን ቀደም ብለን፣ ሰውየው በሕይወት እያለ ነው።