ማትሪክስ እንደ አስተማሪ

የኮምፒውተርን አሠራር ለመረዳት ከማትሪክስ ማባዛት የተሻለ አስተማሪ ማግኘት ይከብዳል። በሲ ቋንቋ በጥቂት መስመሮች ይጻፋል፤ ሆኖም ማትሪክሱ ትልቅ ሲሆን የሁለቱን የውስጥ ሉፖች ቅደም ተከተል መቀያየር ብቻ፣ የስሌቱ ብዛት ሳይለወጥ፣ ፍጥነቱን በእጥፍ ድርብ ይለውጠዋል። ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ የሚያመጣው አንድ ቁጥር ብቻ አይደለማ፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ጎን ለጎን የተቀመጠ 64 ባይት ነው። በኤንቪዲያ ጂፒዩ ላይ ደግሞ 32 ትሬዶች በአንድነት ይሠራሉ፤ የሚያነቡት ዳታ ተራርቆ ከተቀመጠ ያ ሁሉ የማስላት አቅም ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። መጽሐፍ ይህን ይናገራል፤ የሚያሳምነው ግን በገዛ እጅ ተለክቶ የተገኘ ውጤት ነው።

«ማትሪክስ የሚያባዛ፣ ኩብላስን የመሰለ ያለቀለት ላይብረሪ እያለ ለምን ይደከማል?» የሚል አይጠፋም። ለሥራማ ላይብረሪው ይቅደም። ፕሮግራሙ ሲዘገይ ግን ጥፋቱ የስሌቱ ይሁን የዳታው ዝውውር ቶሎ የሚለየው ከታች ጀምሮ የሠራ ሰው ነው። ጂፒዩ የሌለው ተማሪም አይቅርበት፤ ለመጀመሪያው ሙከራ ተራ ላፕቶፕና የሲ ኮምፓይለር ይበቃሉ።