የሙሾ ቃልና የወዳጅ መታሰቢያ

ሰው በሞተ ጊዜ የሚነገር ቃል ሁሉ ከሐዘን የመነጨ ስለ ሆነ ሒስ ሊቀርብበት አይገባም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሙሾ የራሱ ሥርዐትና ስልት ያለው የቃል ግጥም እንደ መሆኑ መጠን፣ እንደ ማናቸውም የኪነ ጥበብ ሥራ ሊመረመር ይገባዋል። ምርመራውም የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፣ የተነገረው ቃል የሚያስታውሰን የሞተውን ሰው ነውን? ወይስ ሞትን ብቻ?

በላስታም ሆነ በሌላው የአማራ አገር አስለቃሽ ሙሾ ስታወርድ የምትከተለው መንገድ የታወቀ ነው። ለወንድ ጀግንነቱንና ዘሩን፣ ለሴት ደግሞ እናትነቷንና የእጇን ሙያ እያነሣች በስንኝ ትደረድራለች፤ ለቀስተኛውም ይቀበላታል። የዚህ ስልት ኀይል ቀላል አይደለም። ብቻውን ቢሆን መናገር የሚሳነውን ሐዘንተኛ፣ በሁሉ ዘንድ በታወቀ ቃል በማኅበር ያናግረዋልና። ጉድለቱም የሚመጣው ከዚያው ከኀይሉ ነው፤ ለሁሉ የሚስማማ ምስጋና ማንንም ለይቶ አያሳይም። ደግሞም ሙሾ አብዝቶ የሚያነሣው ዝምድናን ስለ ሆነ፣ እናት፣ እኅት ወይም ሚስት ተብላ ለምትለቀሰው ሴት ቃል ሞልቶ ሳለ፣ የልጅነት ወዳጅ ለሆነችው ግን ስፍራው ጠባብ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የልቅሶውን ግጥም ለማቅናት ከደከሙት አንዱ ናቸው። በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙት «የልቅሶ ዜማ ግጥም» የተባለው መጽሐፍ፣ ከአርእስቱ እንደምንረዳው፣ ምስጢሩ ከመጻሕፍት ጋራ እንዲስማማ የታሰበ ነው። አሳባቸው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን የልቅሶ ግጥም ከመጻሕፍት ጋራ መስማማቱ ብቻ አይበቃውም፤ ከሟቹ ኑሮ ጋራም መስማማት አለበት።

በዚህ ጉዳይ ከቃል ይልቅ ድንጋይ ትምህርት ይሰጠናል። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት 11 የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ቤተ አባ ሊባኖስ ነው። እንደ ትውፊቱ፣ ንግሥት መስቀል ክብራ ባለቤታቸው ንጉሥ ላሊበላ ካረፉ በኋላ ለመታሰቢያቸው ይህን ቤት በመላእክት ረዳትነት በአንዲት ሌሊት አሠሩት። የሌሊቱን ነገር ለሃይማኖት ትተን የሥራውን መልክ ብንመለከት፣ አራቱ ጐኖቹ ከተራራው ተለይተው ተጠርበዋል፤ ጣራው ግን ከላይኛው አለት ጋራ እንደ ተያያዘ ነው። ስሙም የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ሳይሆን የጻድቁ የአባ ሊባኖስ ነው። ለመታሰቢያ ጸሐፊ በዚህ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። ፊተኛው፣ ሠሪው ራሱን እንዳያሳይ ነው። ሁለተኛው፣ ሟችን ለይቶ ሲቀርጽ ከበቀለበት አገርና ሕዝብ ፈጽሞ እንዳይቈርጠው ነው።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ አብራኝ ያደገች፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳደንቃት የኖርሁ ወዳጄ በቅርቡ ዐርፋለች። በልቅሶዋ ላይ ደግነቷና እንግዳ ተቀባይነቷ ተነገረ፤ ሐሰትም አልነበረም። እኔ የማውቃት ግን በሌላ ነገር ነው። ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለች፣ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶች ከሩቅ አገር የመጣውን ደብዳቤ የምታነብላቸው እርስዋ ነበረች። ሌላው አንባቢ ክፉውን መስመር ዘልሎ ሲያልፍ፣ እርስዋ አንዲት ቃል ሳትጨምርና ሳትቀንስ ታነበው ነበር። አንብባም ወዲያው አትነሣም፤ ሐዘኑ እስኪበርድ ድረስ ከአጠገባቸው ትቀመጣለች። ሰዎቹም ደብዳቤያቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ እርስዋ ነበር። ይህ ነገር በሙሾው ውስጥ አልገባም፤ የሚገባበት ስንኝም አልተዘጋጀለትም ነበር።

«ሙት ወቃሽ፣ ድንጋይ ነካሽ» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሟችን ባለመውቀስና ያልነበረውን በመጨመር መካከል ሰፊ ስፍራ አለ፤ የመታሰቢያ ጽሑፍም መቆም ያለበት በዚያ ነው። ሙሾው እንዲቀር የሚመኝ ካለ አልተባበረውም፤ ማኅበሩን የሚያስተዛዝን ነውና። ነገር ግን ዛሬ በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ደግሞ የሙሾውን ጉድለት ወርሶ፣ ከትውልድ ቦታ ወደ ትምህርት፣ ከትምህርት ወደ ሥራ ደረጃ ብቻ ሲሻገር እንሰማለን። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ለሟች ባልደረባ ይህን የሚያዘጋጁ ሁሉ፣ ከዓመተ ምሕረቱና ከሹመቱ ቀጥለው፣ ያ ሰው ያደርገው የነበረውን፣ ሌላው ግን የማያደርገውን አንድ ነገር ጠይቀው ቢጽፉ መልካም ነው። መምህራንም ተማሪዎቻቸው ስለ አንድ ሟች ዘመድ ወይም ወዳጅ ድርሰት በሚጽፉበት ጊዜ፣ «ደግ ነበረች» የሚለውን ሰርዘው ምን ታደርግ እንደ ነበር እንዲጽፉ ቢያዝዟቸው፣ ለሐዘንም ለቋንቋም የሚጠቅም ልምምድ ይሆናል።