ጭስ ያጣ ክዳን

«ጋሼ፣ ምድጃውን እናንሳው፤ እዚያ ላይ ትልቅ ጠረጴዛ ይገባል» አለችኝ አንዲት ወጣት አርክቴክት። ቤቱ መንዝ ውስጥ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው፤ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ወጣቶች ወንበር እየተከራዩ በላፕቶፕ የሚሠሩበት የጋራ ቢሮ ልታደርገው ነው። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ሰው የማይገባበት ቅርስ ቶሎ ይፈርሳል። «ምድጃው ከተነሳ ክዳኑን ማን ያኖረዋል?» ብላት ግን የሽማግሌ ቀልድ መሰላት።

ስለ ግድግዳው አልከራከርም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጎንደር አብያተ መንግሥት በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው፣ ኋላ ያንኑ እያነሱ በኖራ መተካት ግድ ሆኗል። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ላይም ሲሚንቶ ከመረጉበት ውስጡ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ቤት ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይነካም። ይህን ሁሉ ልጅቷም ታውቃለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ክዳኑ ነው።

የጓሳ ሣር ብርቱ ነው ይባላል፤ ነውም። ነገር ግን ለረጅም ዘመን ያቆየው ብርታቱ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ሲነድ የኖረው እሳት ነው። ጭሱ እርጥበቱን ያደርቃል፣ ተባዩን ያባርራል፣ ወራጁንና ማገሩን ጥቀርሻ ያለብሳል። ባለቤቱ ቆልፎት ከተማ የገባ ቤት ክዳን ስር ቀና ብላችሁ እዩ፤ ከላይ ዝናቡ ሳይጎዳው ከውስጥ ሻግቶ ታገኙታላችሁ። አሁን እዚያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚተነፍስ ሰው፣ የሚፈላ ሻይና እርጥብ ካፖርት አስገቡበት። ሣሩ የሚበቅልበት የመንዝ ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ ያለ አገር ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሞቃቱ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛው ሣር ላይ ውሃ ይሆናል። እሳት የለ፣ ማን ያድርቀው?

አንድ የሙያ ባልደረባዬ መላው ቀላል ነው ይላል፦ ቆርቆሮ ምታበት፣ ከሥሩ ብርድ መከላከያ ልበጥበት፣ ከላይ ለዓይን ሣር ጣል አድርግበት። ከዚህ ሰው ጋር ስንነታረክ ዕድሜያችን ሊያልቅ ነው። በመጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ የተነጠፈ ሣር ከሥሩ አይተነፍስም፤ ውሃው እብረቱ ላይ ይቀርና ያበሰብሰዋል። ሁለተኛ፣ የመንዝ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰምቶ ያውቃል? አጠገብህ የተቀመጠው ሰው የሚለውን አትሰማም፤ አዲስ አበባ ካለው አለቃህ ጋር በኢንተርኔት ልትሰበሰብ ነው? ሣር ክዳን ስር ግን ዝናቡ መጣሉን የምታውቀው ውጭ ስታይ ነው። ሦስተኛው ምክንያቴ ምክንያት አይባልም፤ ያስጠላኛል። ቤትን ጭምብል ማልበስ ነው።

የኔ መልስ ምድጃው ይቆይ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሠራተኛ በማይገባበት ቅዳሜ፣ ዝቅ ያለ እሳት ይነድ፤ ወይራ ቢሆን ሽታውም ደግ ነው። ከምድጃው በላይ ብልጭታ የሚያቆም ቆጥ ይኑር፤ ሰው ከእሳቱ አይለይ። «ኮምፒዩተሮቹስ?» አለች ልጅቷ። ላፕቶፕ ባለቤቱ ይዞት ይሄዳል፤ የኢንተርኔቱ ዕቃ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ይገባል። እኔ ከምድጃው ይልቅ የምፈራው የኤሌክትሪክ ሽቦውን ነው። ምድጃን ሰው ያየዋል፤ ክዳን ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ሲግል ግን የሚያየው የለም። በ2007 ጥር እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ያየን ሰዎች እሳት በአሮጌ ቤት ላይ ምን ያህል እንደሚፈጥን አንረሳም። ስለዚህ ሽቦው በብረት ቱቦ ሆኖ በወለሉ በኩል ይሂድ፤ ወደ ክዳኑ አንድም አይውጣ።

ይህ የኔ እብደት ብቻ አይደለም። ጃፓን ሺራካዋ የሚባል መንደር አለ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያም ሣር ክዳናቸውን ያቆየው ከወለሉ መካከል ካለው ምድጃ የሚወጣው ጭስ ነው። ክዳኑ ሲታደስም በልማዳቸው መንደሩ በሙሉ ይወጣል፤ የኛው ደቦ ማለት ነው።

ደቦውን ካነሳሁ ዘንዳ፣ ክዳን ሣር ይፈልጋል፣ ሣሩ ደግሞ በፈለጉት ጊዜ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ጓሳ ለዘመናት ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል፤ ሦስት፣ አምስት ዓመት ይዘጋና ከዚያ በበጋ ይከፈት ነበር፤ መጀመሪያ ሣሩ ይታጨድና ከብቱ ኋላ ይገባ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮውም ፈረሰ፤ ያም ሆኖ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። እንግዲህ የዚህ ቢሮ የጥገና ዕቅድ በበጀት ዓመት አይያዝም፤ ጓሳው በሚከፈትበት ወቅት ነው የሚያዘው። ዘላቂነት የሚሉትን ነገር እኔ ከዚህ ውጭ አላውቀውም። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሰክቶ ሣሩ የሚበቅልበትን ሜዳ የሚረሳ ንድፍ አይገባኝም። (ሰሌዳውን ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ትከሉት።)

እኔ ዘመዶቼን የማውቀው በክዳን ነው። ቤታችን ሲከደን ከታች ነዶ የሚያቀብለው የእናቴ አጎት ነበር፤ ላይ ሆኖ የሚጠቀጥቀው ደግሞ ከአባቴ ጋር በድንበር የተጣላ ጎረቤት። ክዳኑ እስኪያልቅ ጠቡ አይነሳም፤ አንዳንዴም ጠላው ሲቀርብ ይረሳል። ከተማ ገብቼ የስንቱን ሹም ቤት ሳድስ ይህን አላገኘሁም፤ ሥራ ተቋራጭ ይመጣል፣ ይጨርሳል፣ ይሄዳል።

ለልጅቷ አንድ ነገር በውሉ ላይ አስገቢ ብያታለሁ፤ ወንበር የሚከራይ ሁሉ ክዳኑ በሚታደስበት ዓመት አንድ ቀን ነዶ ሊሸከም። ገንዘብ መላክ አይቻልም። ተከራይ ይሸሽብኛል ብላ ፈርታለች። ይሽሽ።