ዓመት የሌላት ሳንቲም

ዘውድና ጎፈር እያልን ሳንቲም ስንወረውር ያደግን ሁሉ፣ ሳንቲም ሁለት ፊት እንዳለው እናውቃለን። ሁለቱ ፊቶች ሳይግባቡ ሊቀሩ እንደሚችሉ የተረዳሁት ግን ለንደን ከሚኖር ወዳጄ ነው። ለዕረፍት በመጣ ጊዜ በወረቀት የጠቀለላትን ባለ 20 ፔንስ አውጥቶ «እስቲ ዓመቷን ፈልግ» አለኝ። አገላብጬ አየኋት፤ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የብሪታንያው ሮያል ሚንት የሳንቲሞቹን መልክ ሲለውጥ፣ በጽጌረዳው በኩል ይጻፍ የነበረው ዓመት ወደ ንግሥቲቱ ምስል በኩል ተዛወረ። ታዲያ አዲሱ የጀርባ ቅርጽ ከአሮጌው የንግሥቲቱ ቅርጽ ጋር ተጣምሮ ሲታተም፣ ዓመቱ ከሁለቱም ወገን ቀረ። እንዲህ ሆነው የወጡት ከ50 ሺህ እስከ 200 ሺህ እንደሚደርሱ ተገምቷል። በ2009 አንድ የሳንቲም ነጋዴ ድርጅት ለአንዷ 50 ፓውንድ እከፍላለሁ አለ፤ የዋጋዋን 250 እጥፍ መሆኑ ነው።

እኔ ሳቅሁ። ለስሕተት ሽልማት! ለመሆኑ የሥራ ጉድለት ከመቼ ወዲህ ነው ጌጥ የሆነው?

ወዳጄ አልተቀየመኝም። «ማሽን ሚሊዮን ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይደግማል፤ ሰው መኖሩ የሚታወቀው ሲሳሳት ነው» አለኝ። እውነት አለው። ነገር ግን የገበያውን ትርምስ በዚህ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። አሜሪካ በ1943 መዳብን ለጦርነቱ ስትቆጥብ የአንድ ሳንቲም ገንዘቧን በብረት አሠራች፤ ጥቂቶቹ ግን በስሕተት በመዳብ ቅይጥ ወጡ። እነዚህ ብርቅ ሲሆኑ፣ የብረቱን ሳንቲም መዳብ ቀብተው የሚሸጡ አታላዮች ተነሡ። ማግኔት ከሳባት ውሸት ናት። ስሕተት ሲወደድ፣ ስሕተት የሚፈበርክ አይጠፋም ማለት ነው።

ያን ዕለት ማታ ከአያቴ የወረስኩትን ማርትሬዛ ከሣጥን አወጣሁ። 1780 ይላል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው እያልኩ ስኮራበት ኖሬአለሁ። ኋላ ግን ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከዚያ ዓመት በኋላ፣ ያው 1780 እየተጻፈበት በየአገሩ ሲታተም እንደኖረ አነበብኩ። ሙሶሊኒ ለወረራው በ1935 ሮም ላይ አሳተመው። በ1936 ደግሞ ያው ሮያል ሚንት ለንደን ላይ ማተም ጀመረ! ዓመት ረሳ ተብሎ ዓለም የተደነቀበት ቤት፣ የሐሰት ዓመት አስቦበት ሲጽፍ ብዙ የተገረመ የለም።

የአያቴ ማርትሬዛ የትኛው ቤት እንደታተመ አላውቅም። አያቴ ዓመቱን ማንበብ አትችልም ነበር። የምታየው የሴትዮዋን ጌጥ ነጠብጣቦች ነው፤ ካልፈዘዙ ትቀበላለች። አልተሞኘችም። ዓመቱ ውሸት ቢሆንም ብሩ እውነተኛ ብር ነው።

ስለዚህ ሰብሳቢዎችን አልነቅፍም፤ አንድ ነገር ግን እላቸዋለሁ። የ20 ፔንሷ ክብር በጎደላት ነገር ላይ ብቻ የቆመ ነው፤ ፈላጊ የጠፋ ቀን ተመልሳ 20 ፔንስ ትሆናለች። ወዳጄ ሊሄድ ሲል «እንለዋወጥ?» አለኝ፤ ዋጋ ቢሰላ ሳላተርፍ አልቀርም ነበር።

እምቢ አልኩት።