የወረደችውና የተሳፈረችው

ሐዋሳ መናኸሪያ ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሰው ብዙ ያያል። ከወላይታና ከአለታ ወንዶ ከሚገቡት መኪኖች ፌስታል ያንጠለጠሉ ልጃገረዶች ይወርዳሉ። ፍራሽ የጠቀለሉ ደግሞ ይሳፈራሉ። የወረዱትን የሚቆጥር ሞልቷል። የተሳፈሩትንስ ማን ቆጠረ?

ነገሩ በደግ ሐሳብ ነው የተጀመረው። አሜሪካ በ1992 ዓ.ም. አጎዋን አውጥታ ለአፍሪካ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ በር ከፈተች። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ሆንግ ኮንግ ላይ፣ በር መክፈት ብቻውን አይበቃም፣ ድሃ አገር አምርቶ እንዲሸጥ ዕርዳታም ያስፈልገዋል አሉ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተባለ። ከየወረዳው ሠራተኛ ለመመልመልና ለማሠልጠን የእንግሊዝ የዕርዳታ ገንዘብ ዋለ።

ለምልመላው የታሰበውን ያህል ለኑሮው አልታሰበም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ዓ.ም. እንደጻፉት፣ የጀማሪዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ፋብሪካዎቹም በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይቀይሩ ነበር። የቤት ኪራይና የምግብ ዋጋ ያባረራት ልጅ ግን በሪፖርት ላይ «ሥራ የተፈጠረላት» ሆና ቀረች።

«ከምንም ይሻላል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የራስን ደሞዝ በራስ እጅ መቁጠር ቀላል ነገር አይደለም። ግን በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባል የለ? በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የሰብአዊ መብት ጥሰትን ምክንያት አድርጋ በሩን ዘጋች፤ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ወጣች። ትልቁ ፒቪኤች ደግሞ ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ወር፣ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳውቆ ነበር። ያቺ ልጅ ጦርነቱን አላወጀች፤ ቅጣቱ ግን ከደሞዟ ላይ ወረደ።

ጥፋቱን ሁሉ በፈረንጅ ላይ አላላክክም። የእኛም ድርሻ አለበት። የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰን የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 1156 የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሼዱ ቀድሞ፣ ሕጉ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ርካሽ ጉልበት አለን ብለን ባለሀብት የጠራነውም እኛው ነን።

እንግዲህ ወደፊት ዕርዳታ ሰጪውም ተቀባዩም «ስንት ቀጠርን?» ብቻ ሳይሆን «ከዓመት በኋላ ስንቶቹ አሉ? በልተው ተርፏቸዋል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከጠፋቸው መናኸሪያ ይምጡና ሻይ ይዘው ይቀመጡ። ፍራሽ የጠቀለለችውን ይጠይቋት፤ ትነግራቸዋለች።