ታንኳ ስመርጥ የማየው

ጣና ዳር ታንኳ ሊገዛ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱን በዓይኑ ለክቶ ወደ ዋጋ ድርድር ይገባል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ታንኳው የታሰረበት ደንገል መቼ እንደታጨደና ምን ያህል ፀሐይ እንዳገኘ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የታሰረ ደንገል ውኃ ላይ ሲወርድ ይከብዳል፣ ከውስጥም ቶሎ ይበሰብሳል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ የደረቀው በመዳፍ ሲጫኑት ይንኮሻኮሻል፣ ሲለቁትም ተመልሶ ይነሣል። እርጥቡ ድምፅ የለውም፤ የጣት ምልክት እንደያዘ ይቀራል።

ቀጥሎ ማሰሪያውን አያለሁ። ታንኳ እንደ ጀልባ ውኃ የማያስገባ ዕቃ አይደለም፤ ውኃው በእስሮቹ መሃል ይገባል፣ ይወጣል። የሚያንሳፍፈው በየአገዳው ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህ እስሩ ከላላ አገዳው ይፈታታል፣ ማዕበል ሲመታውም ይሰባበራል። የባሕር ዳር ዙሪያ ነገደ ወይጦ ሠሪዎች እግራቸውን ደንገሉ ላይ ተክለው ገመዱን በሙሉ ጉልበት ሲስቡ ቆሞ ያየ ሰው፣ ለምን የእነሱን ሥራ እንደምመርጥ አይጠይቀኝም። ይህ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ዕውቀት ነው፤ የሚገባውን ክብር ግን እስከ ዛሬ አላገኘም።

የአስተሳሰር ነገር ሲነሣ የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊያቋርጥ የተነሣባት «ራ» የታሰረችው ከጣና በሄደ ደንገል ነበር፤ ሠሪዎቿ ግን የቻድ ሐይቅ ሰዎች ነበሩ። ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሥታ ረጅም መንገድ ከሄደች በኋላ የኋላ ጫፏ እየሰጠመ፣ እስሯም እየተፈታ መንገደኞቹ ትተዋት ወጡ። በዓመቱ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች በሌላ ዘዴ ያሰሯት «ራ 2» ባርባዶስ ደረሰች።

ቅርጹ እንደ ሥራው ነው። እንጨትና እህል ለሚያሻግር ረጅሙና ሰፊው ይሻላል። ለዓሣ፣ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል፣ አንድ ሰው የሚይዘውን አጭሩን እወስዳለሁ። እዚያ ውኃው ይስባል፤ ጉማሬም አለ፤ በፍጥነት የማይታጠፍ ታንኳ አደጋ ነው። አፍንጫው ወደ ላይ በደንብ የቀና ይሁን።

ዕቃ ማብዛት አልወድም። መቀመጫው ላይ ከውኃው ከፍ የሚያደርግ ተጨማሪ የደንገል ንጣፍ፣ ሁለት የመቅዘፊያ ቀርከሃ (አንዱ ሲሰበር መጠባበቂያ)፣ መረቡ፣ ለማንሳፈፊያ የተቆረጠ አሮጌ የላስቲክ ጫማ፣ ለማስመጫ ድንጋይ። ለንጋት ጨለማ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ አለኝ፤ ድሬዳዋ ያለ ዘመዴ እዚያው ታይዋን ከሚባለው ገበያ ገዝቶ የላከልኝ ነው። ማዕበሉ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣ ሥራዬን በጠዋት እጨርሳለሁ። ስመለስ ታንኳውን ከውኃ አውጥቼ በቁሙ አስደግፌ አደርቀዋለሁ። ውኃ ውስጥ ተትቶ የሚያድር ታንኳ ዕድሜው ያጥራል፤ አቅም ያለው ሰው ሁለት ገዝቶ ቢያፈራርቅ ጥሩ ነው።

መረቡን በተመለከተ አቋም አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ከመጡ ወዲህ ብዙ ዓሣ ወጥቷል፤ ነጭ ዓሣው ግን ክፉኛ ተመናምኗል። አብዛኛው ዝርያ በሌላ የዓለም ክፍል የሌለው ይህ ዓሣ፣ ከሐምሌ ጀምሮ በክረምቱ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል። በዚያ ወቅት የወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ከነእንቁላሉ ማጥፋት ነው፤ እኔ አላደርገውም፣ የሚያደርገውንም ፊት ለፊት እናገራለሁ። በክረምት ቀረሶና አምባዛ ይበቃኛል።

ደንገሉም እየራቀ ነው። ዳርቻው እየታረሰ፣ እምቦጭም እየገፋው፣ ሠሪዎቹ ዛሬ ደንገል ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ። ደንገል ሥሩ ካልተነካ ተመልሶ ያቆጠቁጣል፤ ለእርሻ ተብሎ ከሥሩ ሲነቀል ወይም ሲቃጠል ግን ያ ዳር አበቃለት። ስለዚህ ታንኳ ስገዛ ደንገሉ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደታጨደ ሳልጠይቅ ሒሳብ አልከፍልም። ሥሩን ትቶ ለሚያጭድ ሠሪ ጨምሬ እከፍላለሁ፤ የሚቀጥለውን ታንኳም ከእሱ አዛለሁ።